አሮጌ ሚያታ አርጄ የትራክ (የእሽቅድድም ሜዳ) መኪና እየሠራሁ ነው፤ የምታውቁ ምክር ወዲህ በሉ

ጎማ_አልባ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ) — እሁድ ማታ

ሰላም ቤተሰብ። ሁለት ዓመት ሳመነታ ቆይቼ ገባሁበት። የ1999 ማዝዳ ሚያታ ገዝቻለሁ፣ ትንሿን ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና። ሞተሩ 1.8 ሊትር፣ ካምቢዮው ማንዋል ባለ 5 ማርሽ። የግራ በሩ ተመትቶ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከበሩ በታች ያለው ላሜራ በዝገት ተበልቷል። የጨርቅ ጣሪያው ተቀዷል። ይሄ ሁሉ ግን ጉዳዬ አይደለም፤ ቦዲውን እጥለዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አትላንታ አካባቢ ያለው ኤክሶሞቲቭ፣ ኤክሶሴት የሚባል ኪት፣ ማለትም ራስህ የምትገጥመው መኪና፣ ይሸጣል። ከብረት ቱቦ የተበየደ ሻንሲ ነው። በር የለውም፣ ጣሪያ የለውም፣ አጥንቱ ውጪ ነው። ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ዲፈረንሲያሉን፣ መሪውን፣ ፍሬኑን፣ የነዳጅ ታንከሩን ሳይቀር ከሚያታው ትወስዳለህ። ሚያታ ላይ ካምቢዮውና ዲፈረንሲያሉ በአንድ ረጅም የአሉሚኒየም ድጋፍ የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ ቦዲው ሲነሳ ከሥር ያለው ሁሉ እንደ ተበላ ዓሣ አጥንት ሳይበታተን መሬት ላይ ይቀራል። ከዚያ አዲሱን ሻንሲ ከላይ ማውረድ ነው።

ፈረንጆቹ እንዲህ ዓይነቱን መኪና "ለጋሽ" ይሉታል። እኔ ለጋሽ ሲባል ትዝ የሚለኝ ስንዴና የምግብ ዘይት ነው። በኛ አነጋገር የሚታረድ መኪና ነው።

መኪናው ለትራክ ብቻ ነው። ሰሌዳ አላወጣለትም። ሰሚት ፖይንት የሚባለው የእሽቅድድም ሜዳ በተጎታች እየወሰድኩ ልነዳው ነው ያሰብኩት። ሞተር አውርጄ አውቃለሁ፣ ፍሪሲዮን ቀይሬ አውቃለሁ፣ ሙሉ መኪና ግን በትኜ አላውቅም። ከየት ልጀምር?

ዝም_ብዬ_አንባቢ — እሁድ ማታ

ወንድሜ፣ ሚያታውን እንዳለ ለምን አትነዳውም? ሮል ባር (ሲገለበጥ ጭንቅላት የሚያድን የብረት ቅስት) አስገባለት፣ ጥሩ ጎማና የፍሬን ሸራ ግዛለት፣ በሚቀጥለው ወር ትራክ ላይ ነህ። አንተ ያልከው መንገድ ዓመት ይፈጃል፣ ገንዘቡም እጥፍ ነው።

ጎማ_አልባ — እሁድ ማታ

ልክ ነህ። ሒሳቡ አያዋጣም። ባለቤቴም ያንኑ ነው ያለችኝ፣ እሷ እንዲያውም ካንተ በፊት ነው ያለችው። ሚያታው ከ1,000 ኪሎ በላይ ነው፣ ይሄኛው ሲያልቅ ወደ 700 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። ያው 140 የፈረስ ጉልበት ሲሶ የሚሆን ክብደት ወርዶለት ማለት ነው። ግን እውነቱን ንገረን ካልክ፣ መንዳቱን ከምወደው በላይ መሥራቱን ነው የምወደው።

ካቻቢቴ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ) — ሰኞ ጠዋት

ልጄ፣ ሦስት ነገር ልንገርህ። እኔ ቂርቆስ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግኩት፣ እዚህም ከመጣሁ በኋላ እጄ ከግራሶ አልጠራም።

አንደኛ፣ እንዳትፈታው። ገና አትፍታው! መኪናው ይነሳል አይደል? አንድ ወር ንዳው። ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ ይፋጫል ወይ? ሙቀቱ ይወጣል ወይ? ከኋላ የሚያጉረመርም ኩሽኔታ አለ ወይ? አሁን የምታውቀው በሽታ አሁን ይታከማል። ከተፈታ በኋላ ግን በሽታውን ከመኪናው ይሁን ከራስህ አሠራር ለይተህ አታውቀውም። የአራቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (የጭመቃ ግፊት) ለካ። ቁጥሩን ግድግዳ ላይ ጻፈው።

ሁለተኛ፣ በሩ የተመታ መኪና ጥሩ ነው። ጎማው የተመታ መኪና መጥፎ ነው። ቦዲውን ስለምትጥለው የበሩ ጉዳት አብሮ ይጣላል። ጎማው ተመትቶ ከሆነ ግን ሰብፍሬሙ (የጎማ ክንዶቹ የሚታሰሩበት ብረት) ወይም ክንዶቹ ተጣመዋል፣ ያ ጠማማ አጥንት አዲሱ መኪና ላይ ይከተልሃል። ዝገቱንም እንደዚሁ እየው። የበሩ ሥር ይዛግ፣ ምን ቸገረህ። ሰብፍሬሙን ግን በመዶሻ ኳ ኳ አድርገህ ስማው።

ሦስተኛ፣ ነዳጁን ሳትጨርስ ታንከሩን እንዳትነካ። ባዶ ታንከርም ቢሆን ጭሱ ይቀጣጠላል። አጠገቡ ብየዳ የሚባል ነገር እንዳይደርስ።

ቡሎን_ቆጣሪዋ (አትላንታ) — ሰኞ ከሰዓት

ጋሼ ካቻቢቴ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ አንድ ልጨምር። ባለ 1.8 መምረጥህ ጥሩ አድርገሃል። የመጀመሪያዎቹ የ1990 እና 1991 ባለ 1.6 ሞተሮች የክራንክሻፍታቸው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) አፍንጫ አጭር ነው። የፊቱ ፑሊ የሚታሰርበት ቦታ ይላላና ክራንኩን ይበላዋል። ባለ 1.6ቱ ዲፈረንሲያልም ትንሽ ነው። ከ1994 ወዲህ ያለው ይሻላል።

ደግሞ የምትጥለውን ቦዲ "እጥለዋለሁ" አትበል። ትሸጠዋለህ! ወንበሮቹ፣ የቀኝ በሩ፣ የኋላ ኮፈኑ፣ መብራቶቹ፣ መስታወቱ። ጠንካራ ጣሪያ አብሮ ቢመጣልህማ እሱ ብቻውን ከመኪናው ግማሽ ዋጋ በላይ ያወጣ ነበር። እኔ ካወጣሁት ገንዘብ ጥሩ አድርጌ የመለስኩት ከተራረፈው ነው። መጨረሻ ላይ የቀረውን ቆርቆሮ ቁራሌው በኪሎ ወሰደልኝ።

ሌላው ፌስታል ነው። አትሳቅ። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ የሚዘጋ ፌስታል፣ በላዩ ላይ በማይጠፋ ቀለም "የመሪ ሳጥን፣ ግራ፣ 2 ቡሎን 2 ዳዶ" ብለህ ጻፍ። ከመፍታትህ በፊት ፎቶ፣ ከፈታህ በኋላ ፎቶ። የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹን በሁለቱም በኩል ምልክት አድርግ፣ በአንዱ ብቻ አይደለም። ከስድስት ወር በኋላ ሁሉም ሶኬት ይመሳሰልብሃል።

ዝናብ_ለንደን — ሰኞ ማታ

ከእንግሊዝ ሰላምታ። እዚህ ይሄ ነገር ባህል ነው ማለት ይቻላል። ሎተስ ሰቨን የምትባለውን ቀላል ስፖርት መኪና የሎተስ መሥራች ኮሊን ቻፕማን በ1957 ሲያወጣት ብዙ ሰው በኪት ነበር የሚገዛው። ምክንያቱ ፍቅር ብቻ አልነበረም፣ ቀረጥ ነው። ያኔ ሙሉ መኪና ከገዛህ የግዢ ታክስ ነበረ። ዕቃውን ገዝተህ ራስህ ከገጠምከው አልነበረም። ሕጉ ደግሞ የመገጣጠሚያ መመሪያ አብሮ እንዳይሰጥ ይከለክል ነበር። ስለዚህ የመፍቻ መመሪያ ይሰጡሃል፣ አንተ ከኋላ ወደፊት ታነበዋለህ ይባል ነበር። ሎተስ በ1973 መብቱን ለኬተራም ሰጠ፣ እነሱ እስከዛሬ ይሠሩታል።

እኔ የሠራሁት ከፎርድ ሲየራ ነው። ለመንገድ ስለፈለግኩት ግን አይቪኤ የሚባለውን ፍተሻ ማለፍ ነበረብኝ። መርማሪው ሹል ጠርዝ እየፈለገ መኪናውን በእጁ ሲዳብስ ዋለ። የጠርዙ ክብነት ራዲየሱ ከ2.5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ሹል ነገር ውጪ ላይ ካገኘ ወደቅህ። የቡሎን ጫፍ ላይ የፕላስቲክ ቆብ ሳለብስ አንድ ሳምንት ፈጀሁ። የዕቃዎቹ ዕድሜ የተቀላቀለ ስለነበር የተሰጠኝ ሰሌዳ በኪው (Q) ፊደል የሚጀምረው ነው። አንተ ለትራክ ብቻ መሆኑን መወሰንህ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ገላግሎሃል።

ሶማሌ_ተራ_ልጅ (አዲስ አበባ) — ማክሰኞ

አቦ ቀናሁባችሁ። እዚህ እኮ የሚታረድ መኪና ሞልቷል። ሶማሌ ተራ ብትመጡ መኪና ጠዋት ገብቶ ከሰዓት ፓራፋንጎው አንዱ ሱቅ፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክፍል) ሌላ ሱቅ ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ። የፌስታል ምክሯን ለኛ ሰፈር ልጆች ባሳየኋቸው ይስቃሉ፣ እነሱ ቡሎን በዓይን ነው የሚለኩት።

ጥያቄዬ የምር ነው። አጎቴ ግቢ ውስጥ የቆመች የድሮ ላዳ አለች፣ ኮንትራት ታክሲ የነበረች። በቱቦላሬ ሻንሲ በይጄ የሷን ሞተርና ካምቢዮ ብጭንበትስ? ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ሌላ ለጋሽ ከውጭ አይመጣም። ያለን ያው ያለን ነው።

ቡሎን_ቆጣሪዋ — ማክሰኞ

ላዳዋ መጥፎ ምርጫ አይደለችም፣ የምሬን ነው። መሠረቷ ፊያት 124 ነው። ሞተሯ ፊት፣ የሚገፋት የኋላ ጎማ፣ ፊቷ ባለ ሁለት ክንድ ነው። የእንግሊዝ ልጆች የሚፈልጉት ቅርጽ እሱ ነው። የኋላው ግን አንድ ወጥ አክስል ነው፣ ክብደቱ ሁሉ ከጎማው ጋር ይዘላል። ቀላል መኪና ላይ ስትጭነው የበለጠ ይዘላል።

የሚያስፈራኝ ብየዳው ነው። ቱቦላሬ የግቢ በር ሲሠራበት ቢሰነጠቅ በሩ ያዘነብላል። እዚህ ቢሰነጠቅ የመሪው ክንድ ነው የሚለቀው። እኔ መሐንዲስ ሆኜም ሻንሲውን ተበይዶ የመጣ ነው የገዛሁት። ስዕል ሳይኖርህ፣ ሦስት ማዕዘን እየሠራህ ማጠንከር ሳታውቅ አትጀምር። የምትነዳውስ የት ነው? ቀለበት መንገድ ላይ እንዳትለኝ።

ሶማሌ_ተራ_ልጅ — ማክሰኞ

እሺ እህቴ፣ ቀለበት መንገድ አልልም። (ልል ነበር።)

ጎማ_አልባ — ከሁለት ወር በኋላ፣ ቅዳሜ

ጋሼን ሰምቼ አንድ ወር ነዳሁት። ጥሩ ነው የሰማሁት። የሸጠልኝ ሰው "ምንም የለበትም" ብሎኝ ነበር፣ የኋላ ቀኝ ኩሽኔታው ግን ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ኮምፕሬሽኑ አራቱም እኩል ነው፣ ተመስገን።

ዛሬ ቦዲውን አነሳን። ስድስት ሆነን ነው። በሮቹን፣ ኮፈኑን፣ መስታወቱን፣ ዳሽቦርዱን ቀድሜ ስላወጣሁ የቀረው ያን ያህል አይከብድም። ሲነሳ ግን አንድ ነገር ያዘው። ሁላችንም ተሸክመን ቆመን፣ ማን ጎንበስ ብሎ ይየው? ልጄ ገብቶ አየ፣ ያልፈታሁት የእጅ ፍሬን ገመድ ነበር። የ11 ዓመት ልጅ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ሙሉ መካኒክ ነኝ ብሏል። ቡናው ላይም ይህንኑ ደጋግሞ አስረድቶናል።

ጎማ_አልባ — ከአምስት ወር በኋላ

እርዱኝ። ሻንሲው ወርዷል፣ ሁሉም ታስሯል፣ ሽቦው ተዘርግቷል። ቁልፍ ሳዞር ሞተሩ ይዞራል ግን አይነሳም። መብራቱ አንዴ ይበራል አንዴ ይደበዝዛል። የነዳጅ ፓምፑ አንዳንዴ ይሰማል። ካንዴላ ቀየርኩ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ለካሁ። ሦስት ማታ እንቅልፍ የለም።

ካቻቢቴ — ያኑ ማታ

ልጄ፣ ማሳህ (የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ) የት ነው የታሰረው?

ጎማ_አልባ — ያኑ ማታ

ሻንሲው ላይ፣ በመጣበት ቀዳዳ፣ በደንብ አጥብቄ።

ካቻቢቴ — ያኑ ማታ

ሻንሲው ቀለም ተቀብቷል አይደል? በእሳት የጋገሩት ያ ወፍራም ዱቄት ቀለም ፕላስቲክ ነው። ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ማሳው በቡሎኑ ጥርስ በኩል እየሾለከ ነው አንዴ የሚሠራልህ አንዴ የሚከለክልህ። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፋቀው። ከሞተሩ ወደ ሻንሲው፣ ከባትሪው ወደ ሻንሲው ወፍራም ገመድ እሰር። ከዚያ ዝገት እንዳይበላው ግራሶ ቀባው።

ጎማ_አልባ — ያኑ ሌሊት፣ 7 ሰዓት ከሩብ

ተነሳ!!! ጎረቤትም ተነሳ። ማርሚታው ገና አልተገጠመም ነበር። ጋሼ፣ እጅዎን ልሳም።

አቧራ_ዱባይ — በማግሥቱ

እንኳን ደስ አለህ። አሁን ደግሞ ሙቀት ነው የሚጠብቅህ። እኔ ዱባይ አውቶድሮም የሚባለው ትራክ ላይ በቀዝቃዛዎቹ ወራት ብቻ ነው የምወጣው፣ በሙቀቱ ወራት ሰውም መኪናም አይችለውም።

ይሄ የማዝዳ ሞተር መጀመሪያ የተሠራው ሞተራቸው በአግድም ለተኛ፣ የፊት ጎማ ለሚጎትታቸው ቤት መኪናዎች ነው። ውሃው ከፊት ገብቶ በቴስታታው ኋላ ነበር የሚወጣው። ሚያታ ላይ ሲያዞሩት የኋላው መውጫ ከመኪናው ግድግዳ ጋር ተጋጨ፣ ስለዚህ መውጫውን ወደ ፊት አመጡት። ውሃው አሁን ከፊት ገብቶ በፊት ይወጣል። አራተኛው ሲሊንደር ኋላ ጥግ ላይ ነው፣ የሚደርሰው ውሃ ትንሽ ነው። ከተማ ውስጥ ችግር የለውም። ትራክ ላይ ለ20 ደቂቃ ስትረግጠው ግን ቴስታታውን ሊያጣምምብህ ይችላል። መውጫውን ወደ ኋላ የሚመልስ ዕቃ ይሸጣል። ግዛው። ካልገዛህም የሙቀት መለኪያው ላይ ዓይንህን ጣል። የፋብሪካው መለኪያ ደግሞ ውሸታም ነው፣ መሐል ላይ ተቸክሎ ይቀርና ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው የሚነሳው። ቁጥር የሚያሳይ ግጠም።

ውሃ ስትሞላ አፍንጫውን በክሪክ ከፍ አድርገው። አየር ከላይ ይወጣል።

ጎማ_አልባ — ከሁለት ሳምንት በኋላ

ክሪኩን ሳላነሳ ሞላሁት። አዎ፣ ጽፈህልኝ እያለ። 15 ደቂቃ ቆሞ ሲሠራ ቀቀለ። አፍንጫውን አነሳሁት፣ ጉልግል ጉልግል ብሎ አየሩ ወጣ፣ ውሃው ሁለት ሊትር ያህል ዋጠ። አሁን ሰላም ነው። የኋላ መውጫውንም አዝዣለሁ።

ቡሎን_ቆጣሪዋ — ያኑ ቀን

ከመሄድህ በፊት ስለ ደኅንነት። ይሄ ቀልድ የለውም።

የወንበር ቀበቶው ባለ 6 ነጥብ ይሁን፣ የትከሻው ማሰሪያ ከትከሻህ እኩል ቁመት ወደ ኋላ ይሂድ። በጣም ወደ ታች ከወረደ በግጭት ጊዜ አከርካሪህን ይጫነዋል። ሄልሜት አድርገህ ተቀመጥና ከሮል ባሩ አናት እስከ ፊት ያለው ማጠንከሪያ ድረስ መጥረጊያ እንጨት አስተኛ። ጭንቅላትህ እንጨቱን ከነካው ወይ ወንበሩን ዝቅ አድርግ ወይ ቤትህ ቅር። መኪናው ክፍት ስለሆነ የክንድ ማሰሪያ የሚጠይቁ ክለቦች አሉ፣ ከተገለበጥክ እጅህ ወደ ውጪ እንዳይወጣ ነው።

የፍሬን ዘይቱን በሙሉ ቀይር። ዘይቱ ውሃ ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ሳይፈላ ቢያንስ 230 ዲግሪ ይችላል፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። በሦስተኛው ዙር ፔዳሉ ወለል ሲነካ የሚገባህ ያ ልዩነት ነው። የጎማ ዳዶዎቹን በቶርክ መፍቻ (ጥብቀቱን በሚለካው) እሰር፣ ለሚያታ ከ88 እስከ 118 ኒውተን ሜትር ነው። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ድገመው።

ሞላዎቹንስ ምን አደረግክ? የሚያታው ከሆኑ 300 ኪሎ የቀለለ መኪና ላይ እንደ ፍየል ነው የሚቆሙት።

ጎማ_አልባ — ያኑ ቀን

ሞላው የሚስተካከል ነው፣ ቀይሬዋለሁ። መጥረጊያ እንጨቱን ለካሁት፣ ሁለት ጣት ያህል ተረፈኝ። ባለቤቴ መጥረጊያዬን የት ወሰድከው እያለች ነው።

ጎማ_አልባ — ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ

ሄጄ መጣሁ።

ሰሚት ፖይንት ዋናው ትራክ 2 ማይል ነው፣ 10 መታጠፊያ አለው። ለጀማሪ አስተማሪ አጠገብህ ይቀመጣል። የኔው ሽማግሌ ነው፣ መኪናውን አይቶ "በሩ የታል?" አለኝ። ፍተሻ ላይ ባትሪው በደንብ መታሰሩን፣ ዘይት አለመንጠባጠቡን፣ የጎማ ዳዶውን አዩ። አንድ ነገር መለሱኝ፣ የራዲያተሩ ትርፍ ውሃ የሚገባበት ዕቃ አልነበረኝም። የጋቶሬድ ጠርሙስ በዚፕ ታይ አስሬ አለፍኩ።

የመጀመሪያው ዙር ንፋስ ብቻ ነበር። ረጅሙ ቀጥታ ላይ ሄልሜቴ ወደ ላይ ይጎተታል፣ አንገቴን ያወልቀዋል። ከዚያ የመጀመሪያው መታጠፊያ ይመጣል፣ ቀኝ ነው፣ ፍሬን በጣም ይፈልጋል። በጣም ረገጥኩ። ፊት ጎማዎቹ ተቆለፉ፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ወደ ሳሩ። አስተማሪው ምንም አላለም። እጁን ብቻ ወደ ላይ አነሳ፣ ፍሬኑን ልቀቅ ማለቱ ነው። ለቀቅኩ፣ መሪው ነፍስ ዘራ፣ ታጠፈ። መኪናው ቀላል ነው፣ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) የለውም፣ የፊቱ ፍሬን ለከባዱ ሚያታ የተመጠነ ነው። ከሰዓት በኋላ ረጋ ብዬ ስረግጥ መቆለፉ ቀረ፣ ግን የፊትና የኋላ ፍሬን ማመጣጠኛ ቫልቭ አዝዣለሁ።

የሚያስቀው የክንድ ማሰሪያው ነው። ጀማሪዎች መተላለፍ የሚችሉት ቀጥታው ላይ ብቻ ነው፣ ያውም የፊተኛው በእጁ "እለፍ" ብሎ ሲያሳይ። እኔ ማሰሪያውን አሳጥሬ አስሬው እጄ አልደረስ አለኝ። ከኋላዬ አንድ ኮርቬት (ኃይለኛ የአሜሪካ ስፖርት መኪና) ሁለት ዙር ሙሉ ሲያጨስ ቆየ። በጣቴ ብቻ እየነቀነቅኩ ነበር።

ከቀትር በኋላ ኮርቬቱን ግን መታጠፊያ ውስጥ ደረስኩበት። ቀጥታው ላይ ጠፋብኝ እንጂ። የመጨረሻው 10ኛው መታጠፊያ ላይ መኪናው በአራቱም ጎማ ትንሽ ትንሽ እየተንሸራተተ፣ እኔ በዳሌዬ እየተሰማኝ... ያን መጻፍ አልችልም። ሙቀቱ አልወጣም። የቀለጠ ነገር የለም። አንድ ቡሎን ብቻ ጠፍቶ መጣ፣ የፊት ፓራፋንጎ።

ዝም_ብዬ_አንባቢ — እሁድ ማታ

እሺ ተሸነፍኩ። ሌላ ኪት ስንት ነው?

ሶማሌ_ተራ_ልጅ — እሁድ ማታ

ላዳዋን አጎቴ ሸጣት። ሳልነካት። የገዛትም ታክሲ ሊያደርጋት ነው አሉ። በቃ ቮልስ እየፈለግኩ ነው።

ካቻቢቴ — ሰኞ ጠዋት

ልጄ እንኳን በሰላም ገባህ። የማስተላለፍ ምልክቱን አስተካክል፣ ማሰሪያውን አንድ ጣት አርዝመው፣ ከዚያ በላይ አይሆንም። ፓራፋንጎው ላይ ሎክ ዳዶ ግባበት፣ ዋሸር ብቻ አይበቃም።

ሁለተኛውን ወንበር ገጥመሃል አሉ። አስተማሪው ሲወርድልህ ማን ነው የሚቀመጥበት?

ጎማ_አልባ — ሰኞ ጠዋት

ጋሼ፣ ክለቡ ተሳፋሪ በሚፈቅድበት ቀን የመጀመሪያው ተራ የእርስዎ ነው። ሄልሜት ልግዛልዎት፣ ግን ኤስኤ የሚል የመኪና እሽቅድድም ሄልሜት ማኅተም ያለበት መሆን አለበት፣ የሞተር ሳይክሉን አይቀበሉም። የራስዎ ልክ ስንት ነው?

ካቻቢቴ — ሰኞ ጠዋት

ለካሁት። በሜትሬ 59 ሴንቲ ሜትር ይላል። ፀጉር ስለሌለኝ 58 አድርገው።